ለልጃችን ማን ይመስክርለት?

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ሕፃናት አመጋገብ ነው። ሰሞኑን የሚደርሱኝ ስልኮች ግን ሌላ ጉዳይ ያነሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያላቸው ወላጆች ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ልምምድ ቦታ ይጠይቁኛል። እኔ የትምህርት አማካሪ አይደለሁም። ሆኖም በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ለልምምድ ወደ ዋርድ የሚመጡ ብዙ ተማሪዎችን ተቀብያለሁ፤ ሥራ አሳይቻቸዋለሁ፣ ወረቀታቸው ላይ ፈርሜያለሁ፣ የድጋፍ ደብዳቤም ጽፌያለሁ። ዛሬ ከዚያ ያየሁትንና አጣርቼ ያወቅሁትን ላካፍላችሁ።

ከጠያቂዎቼ መካከል ልጃቸው ዘንድሮ የሚመረቅላቸው አንዲት እናት አሉ። የልጁ ውጤት 3.6 ነው። አንድ ኤጀንት «ሙሉ ስኮላርሺፕ እናስጨርስላችኋለን» ብሎ ገንዘብ ጠይቋቸዋል። «የዕቁቡን ዳኛ ለምነን ቀድመን እንድንወስድ ፈቅዶልናል። ሲስተር፣ ልክፈል ወይስ ልተወው?» አሉኝ።

እህቴ፣ አይክፈሉ። ምክንያቱን አንድ በአንድ ልንገርዎት፤ ለሌሎችም ይጠቅማል።

በስም የሚታወቁት የመንግሥታት ስኮላርሺፖች ለማመልከት ገንዘብ አያስከፍሉም። እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው የእንግሊዝ መንግሥት ቼቭኒንግ አያስከፍልም። የቱርክ መንግሥት ቱርኪዬ ቡርስላሪ አያስከፍልም። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሃንጋሪኩምም እንዲሁ ነው። ማመልከቻው የሚሞላው በኢንተርኔት ነው፤ መሙላት ያለበትም ተማሪው ራሱ ነው። መሐል ላይ የቆመ ሰው «ውስጥ ሰው አለኝ» ቢልም የሚያፋጥነው ነገር የለም።

ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለቴ አይደለም። እንደ አይ.ኢ.ኤል.ቲ.ኤስ እና ቶፍል ያሉት የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ያስከፍላሉ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ክፍያ አላቸው፤ አቅም ለሌለው አመልካች ክፍያውን የሚያነሱም አሉ። ፓስፖርትና ቪዛም ወጪ አላቸው። ልዩነቱ ሕጋዊው ክፍያ በቀጥታ ለተቋሙ የሚገባና ደረሰኝ ያለው መሆኑ ነው። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ወይም በግለሰብ ስልክ ቁጥር በቴሌብር ላኩ ከተባላችሁ እዚያው ቁሙ።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ኤጀንት በልጁ ስም ኢሜይል ይከፍትና የይለፍ ቃሉን ራሱ ይይዛል። ያኔ ልጁ የተላከለትን መልስ በዓይኑ አያይም፤ ተቀባይነት ማግኘቱንም ሆነ መጣሉን የሚሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው። ደግሞ ኤጀንቱ የሚጽፍለት ድርሰት ለሌሎች አመልካቾችም ስም እየተቀየረ የሚላክ ሊሆን ይችላል። ልጁ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ «ይህን ለምን ጻፍክ?» ቢባል ምን ይመልሳል? ዋናውን የትምህርት ማስረጃና ፓስፖርት ለእንዲህ ዓይነት ሰው አሳልፎ መስጠትማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት አንድ ቃል ደግሞ አለ፤ «አድሚሽን» የሚለው። አድሚሽን ማለት ዩኒቨርሲቲው ልጁን ለማስተማር ፈቃደኛ ሆነ ማለት ነው፤ ማን ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። «50 በመቶ ስኮላርሺፕ» ሲባልም አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ግማሽ ተቀነሰ ማለት ብቻ ነው። ቀሪው ግማሽ፣ የቤት ኪራዩ፣ ምግቡ፣ የጤና ኢንሹራንሱና የአውሮፕላን ቲኬቱ በውጭ ምንዛሪ ከቤተሰብ ይፈለጋል። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ ደስታው እንዳለ ሆኖ አምስት ነገር ጠይቁ፤ የትምህርት ክፍያውን ማን ይሸፍናል? መኖሪያውንስ? የወር ኪስ ገንዘብ አለው? ኢንሹራንስ አለው? ቲኬት አለው? ለንጽጽር እንዲሆናችሁ፣ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ አምስቱንም የሚሸፍን ሲሆን የአንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርትም ይጨምራል።

እንግዲህ ገንዘብ ካላስገኘው ምን ያስገኘዋል? «ውጤት» ትሉኝ ይሆናል። ውጤት በር ላይ ያደርሳል። ግን በሩ ላይ 3.6 እና 3.8 ያላቸው ብዙ ልጆች ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው «ይህን ልጅ ሲሠራ ያየው ማን ነው?» የሚል ነው። አብዛኞቹ ስኮላርሺፖች የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ቼቭኒንግ ሁለት መስካሪዎችን ይጠይቃል። በዚያ ላይ የሁለት ዓመት፣ ማለትም 2,800 ሰዓት፣ የሥራ ልምድ ያስፈልጋል፤ በትርፍ ሰዓት የተሠራ ሥራና በጎ ፈቃድ አገልግሎትም ሊቆጠሩ ይችላሉ። ዳድ የተባለው የጀርመን አካዳሚክ ልውውጥ ድርጅትም ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች በሚሰጣቸው የድኅረ ምረቃ ትምህርቶች የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። እንግዲህ ትናንት ለተመረቀ፣ ምንም ሥራ ላልሠራ ልጅ «ቼቭኒንግ አስጨርስልሃለሁ» የሚል ሰው ካገኛችሁ ውሸቱን በዚህ ታውቁታላችሁ።

የድጋፍ ደብዳቤን ነገር እኔ ከጻፊው ወገን ሆኜ አውቀዋለሁ። በር ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ ደብዳቤ ይጻፉልኝ፤ ነገ ማታ ይዘጋል» የሚል ልጅ ይመጣል።

«ስምህ ማን ነበር?»

«ዓምና እዚህ ዋርድ ነበርኩ፤ አላስታወሱኝም?»

አላስታውሰውም። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ስለ ቆመ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ልጽፍ የምችለው «ጠባዩ ጥሩ ነው፣ ሰዓት ያከብራል» የሚል ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምንም እንዳልተባለለት ወዲያው ይገባዋል።

ሌላዋን ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አስታውሳታለሁ። በሕፃናት ክፍል ለተቅማጥ የምንሰጠውን ለምለም እናቶች እቤታቸው እንዲበጠብጡት እንነግራቸው ነበር። አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። ይህች ልጅ አንዷን እናት «እቤትሽ ሊትር በምን ትለኪያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋ ዝም አለች። ልጅቱ በማግሥቱ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ ሁሉንም እናቶች ባዶ ሃይላንድ እያሳየች «እስከዚህ ድረስ ሙሊው» እያለች ታስተምር ጀመር። የተናገረችው ትልቅ ንግግር የለም፤ የጎደለውን አየች፣ ጠየቀች፣ ሞላች። ከዓመታት በኋላ ለማስተርስ ደብዳቤ ስትጠይቀኝ በአንድ ምሽት ጽፌ ጨረስኩት፤ የምጽፈው ነበረኝና።

ለዚህ ነው የልምምድ ጊዜን ቀላል አድርገን ማየት የሌለብን። ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒታሪያን ባለሙያዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያሠለጥን ነበር። ተማሪው በሽታውን ከነቤቱ፣ ከነውሃው፣ ከነመጸዳጃው እንዲያየው ነው። ዛሬ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር በፋብሪካ ወይም በግንባታ ቦታ ያሳልፋሉ፤ የጤና ተማሪዎች ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ይወጣሉ፤ የሌሎች ትምህርቶች ተማሪዎችም እንደየትምህርት ክፍላቸው ይመደባሉ። ልጆቻችን የትብብር ደብዳቤ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ እናያለን።

ታዲያ እኛ ወላጆች እዚህ ላይ አንድ ነገር እናበላሻለን። ልጁ እንዳይንገላታ ብለን አንድ ዘመድ መሥሪያ ቤት እናስገባዋለን። እዚያ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከሰዓት ወደ ቤቱ ይመለሳል። የባሰው ደግሞ ጭራሽ ሳይሄድ ማኅተም ያስመታል። ወረቀቱ ይሞላል፤ ውጤቱም ይመጣል። ግን ከዓመት በኋላ «ማን ያውቅሃል?» ሲባል ማኅተም አፍ አውጥቶ አይመሰክርም። ልጃችሁ ሩቅ ሰፈር፣ አቧራ ያለበት ቦታ፣ ቁጡ አለቃ ዘንድ ተመድቦ ቢያማርር «ተወው» ለማለት አትቸኩሉ። ማታ ሲመጣ «ዛሬ ምን ሠራህ? ምን ጠየቅህ?» በሉት። የዕለቱን ሥራ በማስታወሻ ደብተር ቀን እየጻፈ እንዲመዘግብ ምከሩት። ያ ደብተር ነገ ድርሰት ሲጽፍ ስንቁ ነው።

ምስክር የሚገኝበት ሁለተኛው ቦታ ብዙ ወላጅ ጊዜ ማባከኛ የሚመስለው ነው፤ እሱም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ትምህርታዊ ንግግርና ሴሚናር ነው። ክፍል ውስጥ አንድ መምህር የብዙ ተማሪዎችን ስም መያዝ ይቸግረዋል። ሴሚናር ላይ ግን ሰው ጥቂት ነው፤ እጁን አውጥቶ አንድ ጥሩ ጥያቄ የጠየቀ ተማሪ ይታወሳል። አዲስ አበባ ያላችሁ ቦታ አላጣችሁም። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተውና ጉለሌ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያ ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ ንግግሮች ያዘጋጃል። ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለታሪክ፣ ለቋንቋና ለባህል ተማሪዎች ትልቅ ደጅ ነው። የጤናና የባዮሎጂ ተማሪ ከሆነ አለርት ግቢ ውስጥ ያለው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። ክፍለ ሀገር ያላችሁም አትከፉ፤ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ ያካሂዳሉ፤ መምህራንም የጥናት ሐሳባቸውን በየትምህርት ክፍሉ ያቀርባሉ። ማስታወቂያው ቦርድ ላይ ይለጠፋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያነበው ነው የሚጠፋው።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ተማሪው ከመሄዱ በፊት ስለ ርእሱ ጥቂት ያንብብ። አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶ ይሂድ፤ ለመታየት የሚጠየቅ ሳይሆን ከልቡ ሊያውቀው የሚፈልገውን። በሻይ እረፍት ከጓደኞቹ ጋር ጥግ ይዞ ከማውራት ተናጋሪው ዘንድ ቀርቦ ስሙንና የትምህርት ክፍሉን ይንገር። በማግሥቱ ባለ ሦስት መስመር የምስጋና ኢሜይል ይላክ። ከዚያ «መረጃ በመሰብሰብ ላግዝዎት?» ማለት ይቻላል። የብዙ ልጆች የመጀመሪያ የምርምር ልምምድ የሚገኘው እንዲህ ባለ ጥያቄ ነው፤ ጨረታ ወጥቶበት አይደለም።

እዚህ ላይ የሴት ልጅ ወላጆችን አንድ ነገር ልለምን። ሴሚናሩ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሲያልቅ ወንዱ ልጅ ይቆያል፤ ሴቷ «ይመሻል» ተብላ ከግማሹ ትወጣለች። መስጋታችሁ ልክ ነው፤ እኔም እናት ነኝ። ግን ስጋቱን እሷን በማስቀረት ሳይሆን በመቀበል ተወጡት። አባት ወይም ወንድም ታክሲ ተራ ድረስ ሄዶ ይጠብቃት። ለኤጀንት ሊከፈል ከታሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለልምምዷ ትራንስፖርትና ምሳ ቢውል የሚያስገኘው ብዙ ነው፤ ደሞዝ የሌለው ልምምድ የሚቋረጠው ብዙውን ጊዜ በታክሲ ሳንቲም እጦት ነውና።

አሁን ወደ ወረቀት ልምጣ። ወላጅ በእጁ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ እርዳታ ይህ ነው። በመጀመሪያ የልጁን ስም ተመልከቱ። ጸጋዬ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ በትራንስክሪፕቱ ላይ በ«ኤስ» ብቻ፣ በፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በሌላ መልክ ተጽፎ ይገኛል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለውጭ አገር ቢሮ ግን ሦስት ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የልደት ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ሁሌ ሰባት ወይም ሁሌ ስምንት አይደመርም። ታኅሣሥ 10 ቀን 1996 የተወለደ በአውሮፓ 2003 ነው፤ ጥር 10 ቀን 1996 የተወለደ ግን 2004 ነው። ከወሳኝ ኩነት የሚወጣው የልደት ሰርተፊኬት፣ ፓስፖርቱና የትምህርት ማስረጃው አንድ ቀን ይናገሩ። ማስተካከሉ ወራት ሊወስድ ስለሚችል የመጨረሻው ሳምንት ድረስ አትጠብቁ።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ፈርሟል። ዋናውን ማስረጃ ሲጠይቅ ይህ ጉዳይ ስለሚነሳ ሬጅስትራር ቀድሞ ሄዶ ምን እንደሚፈለግበት ይጠይቅ። ለውጭ አገር የሚላክ ማስረጃ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ሊያስፈልገው እንደሚችልም ይወቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። አራተኛ፣ የአይ.ኢ.ኤል.ቲ.ኤስ እና የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። በሁለተኛ ዓመት ላይ ተፈትኖ በምረቃው ማግሥት ጊዜው ሲያልፍበት ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

የጊዜ ሰሌዳውንም እቤት በካላንደር ላይ ምልክት አድርጉት። ቼቭኒንግ አብዛኛውን ጊዜ ነሐሴ አካባቢ ይከፈታል። ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገር እየተዘዋወረ የሚማርበት ኤራስመስ ሙንዱስ ማመልከቻው በብዛት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። የሃንጋሪው ኅዳር አካባቢ ተከፍቶ ጥር ላይ ይዘጋል። የቱርኩ በተለምዶ ጥርና የካቲት ነው። ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ በየስኮላርሺፑ ይፋዊ ገጽ ላይ አረጋግጡ። እንግዲህ አስቡት፤ ሐምሌ ላይ ተመርቆ መስከረም ላይ «እስቲ ስኮላርሺፕ ልፈልግ» የሚል ልጅ መስካሪውን የሚያስታውሰው ማመልከቻው ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍለት ሰው ቢያንስ የአንድ ወር ጊዜ፣ የሕይወት ታሪክ ማጠቃለያውንና የሚያመለክትበትን ዘርፍ ሊያገኝ ይገባል።

ሁሉም «ውጭ» ብቻ እንዳልሆነም አንርሳ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 በጀመረው ፕሮግራም አካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች እዚሁ አገር ውስጥ የትምህርት ዕድል ያገኛሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ካላችሁ ንገሩት፤ «ለእኔ ልጅ የሚሆን የለም» ብሎ የተቀመጠ ብዙ ነው።

ልጃችሁ አመልክቶ ባይሳካለትም የወደቀ አድርጋችሁ አትዩት። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ አመልክቶ ያገኘ ብዙ ነው። ጎረቤት መጥቶ «የእከሌ ልጅ ሄደ፣ የእናንተስ?» ሲል ልጁ ፊት መልስ ለመስጠት አትቸኩሉ፤ ቡናውን ቅዱና ወሬ ቀይሩ። በልምምድ ያገኘው ሙያ፣ ያወቁት አለቆችና የጻፈው ደብተር እዚህ ሥራ ሲፈልግም ያገለግሉታል።

በዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የልጃችሁን ወረቀቶች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡና ስሙንና የልደት ቀኑን ጎን ለጎን አስተያዩ። ከዚያ ልጁን «ሲሠራ ያዩህን ሁለት ሰዎች ስም ንገረኝ» በሉት። ወዲያው ከተናገረ እሰየው። ዝም ካለ አትቆጡት፤ ገና ጊዜ አለው፤ የሚቀጥለው ሴሚናር መቼ እንደሆነ እንዲያጣራ ንገሩት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ተለመደው የጤና ጨዋታችን እንመለሳለን። እስከዚያው ደኅና ሰንብቱ።